ፋውስቲና እናትየዋ ናት ወይስ ልጅቷ?

የጥንት ሮማ ሳንቲም የምታውቁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ሳንቲሙ 26 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 11 ግራም ክብደት አለው። ፊቱ ላይ «ፋውስቲና» የሚለው ስም በግድ ይነበባል፤ ሌላው ጽሑፍ ጠፍቷል።

ችግሩ ፋውስቲናዎቹ ሁለት ናቸው። እናትየዋ የሮማው ንጉሠ ነገሥት የአንቶኒኑስ ፒዩስ ሚስት፣ ልጅቷ ከእሱ ቀጥሎ የነገሠው የማርኩስ አውሬሊዩስ ሚስት። እናትየዋ እ.ኤ.አ. በ140 ገደማ ስትሞት እንደ አምላክ ስለተቆጠረች ሳንቲሟ ላይ «ዲቫ» የሚል ተጨመረ። እኔ ጋ ያ ቦታ ልሙጥ ነው። ፀጉሯም ይለያታል፤ እናትየዋ ጎንጉና አናቷ ላይ ትጠመጥመዋለች፣ ልጅቷ ወደ ማጅራቷ ትቋጥረዋለች። እዚህ አናቷ ላይ ትንሽ ጉብታ አለ። ሹሩባ ይሁን ዝገት መለየት አቃተኝ።

ጀርባው ላይ አንዲት ሴት መሠዊያ አጠገብ ቆማ ቀኝ እጇን ዘርግታለች። ዕጣን የምትጨምር ፒዬታስ፣ ማለትም ለአማልክትና ለቤተሰብ ታማኝ መሆንን የምትወክለው ትመስለኛለች። ግን የጤና አምላክ የሆነችው ሳሉስም መሠዊያ ላይ እባብ ስትመግብ ትቀረጻለች። እጇ ሥር ያለው ቀጭን መስመር እባብ ቢሆንስ?

ሁለቱን በምን ትለያላችሁ? አረንጓዴውን ሽፋን ሳልነካ ማወቅ እፈልጋለሁ።