ክፍል አምስት፣ ስድስት እና ስምንት ብቻ አልወርድ አሉኝ

የመምህሩ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ትምህርቱን ራሱ እየቀረጸ ዩቲዩብ ላይ ይጭን ነበር። ባለፈው ዓመት ዐረፈ። የይለፍ ቃሉን ማንም አያውቅም፤ ዋናዎቹ ቅጂዎች የነበሩበት ዲስክም ከእሱ ቀድሞ ተበላሽቷል። ስለዚህ የገዛ አባቴን ትምህርት እንደ ማንኛውም ተመልካች በማውረጃ ነው የማወርደው።

መጀመሪያ ድረ ገጽ ላይ የሚሠራ ማውረጃ ሞከርኩ። «አውርድ» የሚሉ ሦስት ቁልፎች ነበሩት። ሁለቱ ወደ ማስታወቂያ ወሰዱኝ፤ ሦስተኛው የሰጠኝ ፋይል 14 ኪሎባይት ብቻ ሆኖ አልከፈት አለ። ሌላው ድረ ገጽ ምስሉን ሰጥቶ ድምፁን አስቀረብኝ። አባቴ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ዞሮ ይናገራል፣ ምንም አይሰማም። ደቂቃ ሳይሞላ ዘጋሁት።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተሬ ላይ የሚጫን ማውረጃ አስገባልኝ። ይኼኛው ምስሉንም ድምፁንም በደንብ ያመጣል። ግን ስለ ክፍልፋይ አሥር ክፍል ያለው ተከታታይ ትምህርት አለ። ከአንድ እስከ አራት ያሉት ወረዱ። አምስት እና ስድስት እምቢ አሉ። ሰባት ወረደ። ስምንት እምቢ አለ። ዘጠኝ እና አሥር ወረዱ። እምቢ ባሉት ላይ «አልተሳካም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል፤ ምክንያት የሚባል ነገር አይነግረኝም። አሳሽ ላይ ሲከፈቱ ሦስቱም ያለ ችግር ይታያሉ። በመጠን እንዳልል ክፍል ስምንት ከሁሉም አጭሩ ነው። የአክስቴ ልጅ ክፍል አምስትን በራሱ ኮምፒውተር ሲሞክር በአንድ ጊዜ ወረደለትና «ኔትወርክሽ ነው» ብሎኝ ሄደ። ኔትወርክ ከመቼ ጀምሮ ነው ቁጥር እየመረጠ የሚያልፈው?

ሁሌ አዘምን፦

ነፍስ ይማር። ማውረጃውን አዘምኚው። ዩቲዩብ አሠራሩን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀይር የወር ዕድሜ ያለው ማውረጃ እንኳ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ካዘመንሽ በኋላም እምቢ ካለ የስህተቱን ቁጥር ፈልጊ። 403 ከሆነ ቪዲዮው የሚመጣበት ሊንክ ጊዜው አልፎበታል ወይም ተከልክሏል ማለት ነው፤ ዋናውን ገጽ ከፍተሽ እንደገና ጀምሪ። 429 ከሆነ በአጭር ጊዜ ብዙ ጥያቄ ልከሻል፤ አረፍ ብለሽ ሞክሪ። አሥሩን በአንድ ጊዜ ሰልፍ አስይዘሽ ከሆነ እኔ የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው።

የመምህሩ ልጅ፦

አዘምኜዋለሁ። አንድ በአንድም ሞክሬያለሁ፣ በማግስቱም ሞክሬያለሁ። እነዚያው ሦስቱ ናቸው። 429 ቢሆን አንድ ቀን እንኳ ሰባትን ይዞ አምስትን ይለቅ ነበር።

ባለ ሁለት መነጽር፦

ስለ ዋናው ጥያቄ ሌሎች ይመልሱ፤ እኔ ስለ ጎን ነገሮቹ ልናገር። 14 ኪሎባይቱ ፋይል ቪዲዮ አይደለም። ድረ ገጹ ቪዲዮውን ማምጣት ሲያቅተው የስህተት ገጹን በቪዲዮ ስም አስቀምጦልሻል። በጽሑፍ ማረሚያ ብትከፍቺው የገጹን ኮድ ታያለሽ። ድምፅ አልባው ደግሞ የሚሆነው ዩቲዩብ ከፍ ያለ ጥራት ላይ ምስሉን እና ድምፁን ለየብቻ ስለሚያስቀምጥ ነው። ደህና ማውረጃ ሁለቱን አምጥቶ ኤፍኤፍምፔግ በሚባለው ፕሮግራም ያጋጥማቸዋል፤ ሰነፉ ምስሉን ብቻ አምጥቶ ጨረስኩ ይላል።

ሌላው፣ ጉግል ባለቤቱ የሞተበትን ሂሳብ በተመለከተ ቤተሰብ ጥያቄ የሚያቀርብበት ቅጽ አለው። የይለፍ ቃል አይሰጡም፤ ነገር ግን ማስረጃ አይተው እንደ ሁኔታው ይዘቱን ሊሰጡ ይችላሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ ቢሆንም ከማውረዱ ጎን ለጎን ብትጀምሪው ጥሩ ነው። የይለፍ ቃል አስገቡ የሚል ማውረጃ ካጋጠመሽ ግን ወዲያው ዝጊው።

የሌሊት ፈረቃ፦

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ሦስት ነገር ንገሪኝ። ኮምፒውተርሽ ዊንዶውስ ነው ወይስ ሊኑክስ? የአክስትሽ ልጅስ? የወረደውን የአንዱን ክፍል ርዕስም ምንም ሳትቀንሺ ገልብጠሽ ለጥፊልኝ።

የመምህሩ ልጅ፦

የእኔ ሊኑክስ ነው፤ የአባቴ የነበረው ኮምፒውተር ነው። የአክስቴ ልጅ ዊንዶውስ ይጠቀማል። ርዕሱ ይኸው፣ አባቴ ማሳጠር የሚባል ነገር አያውቅም፦

ክፍልፋይን በክፍልፋይ ስናካፍል ለምን ሁለተኛውን ገልብጠን እንደምናባዛ በቀላል ምሳሌ የምናይበት ትምህርት ከመልመጃዎች ጋር ክፍል ሦስት

አሥሩም እንዲሁ ናቸው፤ የሚለየው የመጨረሻው ቃል ብቻ ነው።

የሌሊት ፈረቃ፦

ይኼን ርዕስ ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ፊደላቸውን ቁጠሪ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ናቸው። አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት ደግሞ አራት አራት። ኮምፒውተርሽ እምቢ ያለው ያችን አራተኛ ፊደል ነው።

ሊኑክስ የፋይልን ስም የሚለካው በባይት፣ ማለትም ኮምፒውተር መረጃን በሚቆጥርበት ትንሽ መለኪያ ነው፤ ጣሪያው 255 ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይይዛል። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሦስት ባይት ነው፤ ክፍት ቦታ አንድ። የለጠፍሽው ርዕስ 71 ፊደል እና 14 ክፍት ቦታ አለው፤ 213 ሲደመር 14፣ 227 ይመጣል። ማውረጃሽ ይህን ስም እንዳለ አይጠቀምበትም። ብዙዎቹ ባለ መስኮት ማውረጃዎች ከሥር የሚጠሩት ዋይቲ-ዲኤልፒ የሚባለውን የማውረጃ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ ካልከለከልሽው ከርዕሱ ኋላ 11 ምልክት ያለውን የቪዲዮ መለያ በቅንፍ ይጨምራል። ገና በመውረድ ላይ እያለ የጥራቱ ቁጥር፣ የፋይሉ ዓይነት እና አለመጠናቀቁን የሚያሳየው ቅጥያ ይከተላሉ። ክፍት ቦታውን እና ነጥቦቹን ጨምሮ 28 ባይት ነው። 227 እና 28፣ 255። ክፍል ሦስት ጣሪያውን በራሱ ፀጉር ነክቶ አልፏል! ክፍል አምስት 258 ስለሚሆን ፋይሉ ገና ሳይፈጠር ይወድቃል።

ዊንዶውስም 255 የሚባል ጣሪያ አለው፤ ግን የእኛን አንድ ፊደል እንደ አንድ ነው የሚቆጥረው። የአክስትሽ ልጅ ያለፈው በዚህ ነው እንጂ በኔትወርኩ ፍጥነት አይደለም። ዩቲዩብ ርዕስን በ100 ምልክት ስለሚገድብ በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው እዚህ ጣሪያ ላይ በርዕስ ብቻ ሊደርስ አይችልም። እኛ ግን በረጅም ርዕስ እንደርሳለን። አንድሮይድ ስልክ ላይም ተመሳሳይ ነገር አጋጥሞኝ ያውቃል፤ እኔም የባነንኩት ያኔ ነው።

መፍትሔው፦ ማውረጃሽ ቅንብር ውስጥ የፋይል ስም አሰጣጥ የሚል ቦታ አለ። ርዕሱን አውጥተሽ የቪዲዮ መለያውን ብቻ ተዪ። ስምን በፊደል ብዛት የሚቆርጥ አማራጭ ብታገኚ አትታለዪ፤ 100 ላይ ቁረጥ ብትዪው ምንም አይቆርጥም፣ የክፍል አምስት ርዕስ በፊደልና በክፍት ቦታ ተደምሮ 86 ብቻ ነውና። በባይት የሚቆርጥ ከሆነ ይሠራል፤ ግን የሚቆረጠው መጨረሻው ስለሆነ የክፍሉን ቁጥር ይበላብሻል።

ሁሌ አዘምን፦

ይኼን እኔ በዓመትም አላገኘውም ነበር። 429 ያልኩትን እርሱት።

የመምህሩ ልጅ፦

ወረዱ! ሦስቱም። መለያውን ብቻ አድርጌ ጀመርኩ፤ ክፍል ስምንት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

አንድ ነገር ልጠይቅ። አሁን ስማቸው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ቁጥር ሆኗል። መልሼ የአባቴን ርዕስ ብሰጣቸው ኮምፒውተሩ እንደገና ያኮርፋል?

የሌሊት ፈረቃ፦

አያኮርፍም። 28ቱን ባይት ያመጣው የማውረጃው ጭማሪ ነው። አሁን የሚቀረው የፋይሉ ዓይነት ብቻ ነው፣ ነጥቡን ጨምሮ 4 ባይት። ክፍል አምስት 230 ስለሆነ 234 ይሆናል። ሙሉውን ስጪው።

የመምህሩ ልጅ፦

ሰጠኋቸው። አሥሩም በሙሉ ርዕሳቸው ተደርድረዋል፤ የማኅደሩ መስኮት ስለማይበቃቸው መጨረሻቸው አይታይም፣ የትኛው ስንተኛ ክፍል እንደሆነ የማውቀው ከፍቼ ነው። ክፍል ስድስት መጀመሪያ ላይ አባቴ ርዕሱን ሙሉውን በቃሉ ሲል ትንፋሽ ያጥረውና መሐል ላይ ይስቃል። ያንን አላውቅም ነበር። ለአክስቴ ልጅ የዚህን ገጽ ሊንክ ልኬለታለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠኝም።