ሬይ ፊሸር «እንጀራውን ረገጠ» የምትሉ እስቲ እንነጋገር

ማለዳ፦
ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ የተለጠፈው ቪዲዮ እስካሁን ደሜን እያፈላው ነው። ስለ 2017ቱ የሱፐርሂሮዎች ፊልም «ጀስቲስ ሊግ» ነው፤ ሬይ ፊሸር ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን የሆነውን ሳይቦርግን የተወነበት። አቅራቢው ብዙ ካወራ በኋላ «ሬይ ፊሸር እንጀራውን በገዛ እግሩ ረገጠ፤ አፉን ይዞ ቢሰራ ኖሮ ዛሬም ሳይቦርግ እሱ ነበር» ብሎ ዘጋው። ከስር «እውነት ነው» የሚል ኮመንት ተደርድሯል።

ምኑ ነው እውነቱ? ዳይሬክተሩ ዛክ ስናይደር በቤተሰቡ ላይ በደረሰ ሐዘን ፊልሙን ሲለቅ ጆስ ዊደን ተተካ። ፊሸር በጁላይ 2020 የጻፈው፣ ዊደን ተዋናዮቹንና ሰራተኞቹን የያዘበት መንገድ አስጸያፊና በደል የሞላበት ነበር ብሎ ነው። ፕሮዲዩሰሮቹ ጄፍ ጆንስና ጆን በርግም መንገድ ከፍተውለታል አለ። ስራ ቦታ ላይ ተበደልን ብሎ የተናገረ ሰው እንጀራውን ረገጠ ይባላል?

ቦሌ24፦
«እውነት ነው» ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። ፊሸር ከቲያትር መጥቶ በአንዴ ከባትማንና ከሱፐርማን ጎን የቆመ ልጅ ነው። ስንቱ ተዋናይ ዕድሜ ልኩን የሚመኘው ዕድል ነው። ደግሞ የኮሚክ አድናቂዎች ጉባኤው ኮሚክ ኮን 2017 ላይ ዊደንን በአደባባይ ያመሰገነው ማነው? ራሱ ነው። ሦስት ዓመት ዝም ብሎ፣ ስናይደር ራሱ ያቀናበረው ቨርዥን ይወጣል ሲባል ነው የተናገረው።

ማለዳ፦
ያንን ምስጋና እኮ ራሱ ሽሮታል። የኮሚክ ኮኑን ቪዲዮ መልሶ ለጥፎ የተናገርኩትን በሙሉ አንስቻለሁ አለ። ፊልሙ ሊወጣ ወራት ሲቀሩት፣ ስቱዲዮው ባዘጋጀው መድረክ ላይ፣ አዲስ ተዋናይ ዳይሬክተሩን እንዲከስ ነው የምትጠብቀው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ቦሌ፣ «እንጀራውን ረገጠ» የሚለው ነገር የሚሰራው ለደካማው ብቻ ነው። ሃልክን የተወነው ኤድዋርድ ኖርተን በስክሪፕትና በኤዲቲንግ ከማርቨል ጋር ተጋጨ ተባለ። በ2010 ማርቨል ሃልክን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ሲል በይፋ ባወጣው መግለጫ የትብብር መንፈስ ያለው ተዋናይ ነው የምንፈልገው አለ። ከዚህ በላይ ሰው ፊት ማዋረድ የለም። ግን ኖርተን ምን ሆነ? «በርድማን» ላይ ሰርቶ ለኦስካር ታጨ። ስካርሌት ጆሃንሰን በ2021 ዲዝኒን ከሰሰች፣ በሁለት ወር ገደማ ተስማሙ፣ ስራዋን ቀጠለች። ስም ያለው ሰው ተጣልቶ ይመለሳል። ፊሸር ያ ስም ገና አልነበረውም።

ቦሌ24፦
የራስህን መልስ ራስህ ሰጠህ እኮ። ስም ከሌለህ ቀስ ብለህ ነው የምትራመደው። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ማለዳ፦
ስም የሌለው ሰው እስኪታወቅ ድረስ ይበደል ነው?

ቦሌ24፦
አላልኩም። ቃል አትጨምሪብኝ።

ካሜራማኑ፦
ልጆች፣ እኔ ከካሜራ ጀርባ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሰርግም ቀርጫለሁ፣ ፊልምም ቀርጫለሁ። ቀረጻ ቦታ ላይ ስድብ የሚጀምረው ከታች ነው። ዋናውን ተዋናይ ማንም አይጮህበትም። የሚጮኸው መብራት የሚይዘው ልጅ፣ ሜካፕ የምትሰራው ልጅ ላይ ነው። አንድ ፊልም ላይ፣ ስሙ ይቆየኝ፣ ረዳቴ ገመድ አደናቀፈውና ዳይሬክተሩ በሰው ፊት እናቱን ሰደበበት። ልጁ ማታ ክፍያውን ሲቀበል አመስግኖ ሄደ። ምን ያድርግ? እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር። ስለዚህ ፊሸር «ተዋናዮችንና ሰራተኞችን» ማለቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ስለራሱ ብቻ አላወራም።

ቦሌ24፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን አከብራለሁ። ግን ዝርዝሩ የታለ? ፊሸር ለወራት «ተበደልን» እያለ ምን እንደተደረገ በደንብ አልተናገረም። በርግ ደግሞ ክሱን ሙሉ በሙሉ ክዶ፣ የማስታውሰው ፊሸር «ቡያ» እንዲል ስንጠይቀው መናደዱን ነው አለ። ካርቱኑ ላይ ሳይቦርግ ሁሌ የሚላት ቃል ናት፣ ሕጻናት ይወዷታል። ለአንዲት ቃል ይሄ ሁሉ?

ማለዳ፦
«ለአንዲት ቃል» ብለህ ባታልፋት ጥሩ ነው። በቡድኑ ውስጥ ጥቁር ጀግና እሱ ብቻ ነው። ባትማን እንዲህ ያለች መፈክር የለችውም። ዎንደር ውማንም የላትም። እሱ ብቻ እየጮኸ እንዲያስቅ ተጠየቀ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጥቁር ገጸ ባህሪን በአንዲት አስቂኝ አባባል ማስታወስ የቆየ ነገር ነው፣ የከበደውም ለዚህ ነው። እንደተናገረው በርግ እራት ጋብዞት ነው የለመነው። በመጨረሻም አላት፤ 2017 ፊልሙ ላይ አለች። ታዲያ የታዘዘውን ሰርቶ «አስቸጋሪ» የሚል ስም ተሰጠው።

ናታንያ፦
ዎንደር ውማን ሆና ስለተወነችው ጋል ጋዶት ማንም አላነሳም። ሜይ 2021 ላይ እዚህ እስራኤል ቻናል 12 ላይ ቀርባ ዊደን ስራሽን አበላሸዋለሁ ብሎ እንዳስፈራራት በራሷ አፍ ተናገረች። ዊደን በጃንዋሪ 2022 ለኒውዮርክ መጽሔት የመለሰው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ቋንቋዋ አይደለም፣ እኔም ንግግር አበዛለሁ፣ በትክክል አልገባትም የሚል ነው። እሷ ደግሞ «በደንብ ገብቶኛል» አለች። አለቀ።

ይሄን ዓረፍተ ነገር ሳነብ እንዴት እንደበገንኩ። ከኢትዮጵያ መጥቶ እዚህ የሚሰራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የምሰራበት ቦታ ኃላፊው ይሰድብሃል፣ ስትከስ «ዕብራይስጡ አልገባትም» ይላል። ስድብ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ከፊት ይነበባል።

ጎንደሬው፦
ጋዶት ናት እንግዲህ የተበዳይ ምሳሌ? ስለ ጦርነቱ የምትለውን እያየሁ እኔ ለእሷ አላዝንም።

ናታንያ፦
ወንድሜ፣ ስለ ፖለቲካዋ ሌላ ቀን እንነጋገር፣ እኔም የምለው አለኝ። አለቃ ሲያስፈራራት ግን ስህተት ነው ወይስ አይደለም?

ጎንደሬው፦
ስህተት ነው። ግን ለምስክርነት ሌላ ሰው አምጡ።

ማለዳ፦
እሺ። እዛው ፊልም ላይ የተወነው ጄሰን ሞሞአ ሴፕቴምበር 2020 ላይ ከፊሸር ጎን ቆሞ ከባድ ነገር ተፈጽሟል፣ ይጣራ አለ። ተዋናይዋ ካሪዝማ ካርፔንተር በፌብሩዋሪ 2021 ባወጣችው መግለጫ፣ ከዚህ ፊልም ከብዙ ዓመት በፊት «ኤንጅል» የሚለውን ተከታታይ ፊልም ስትሰራ አርግዛ፣ ዊደን ልጁን ልትወልጂው ነው ወይ ብሎ እንደጠየቃት ጻፈች። በፊሸር አቤቱታ ለተጀመረው ምርመራ ምስክርነት እንደሰጠችም ተናገረች። እነዚህ ሁሉ ተሰብስበው በአንድ ሰው ላይ አደሙ?

ቦሌ24፦
ካርፔንተር የተናገረችውን አምናለሁ። ስለ ዊደን አልከራከርም፣ ሰውየው ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ራሱን ጎድቶታል። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ፊሸር ከዊደን አልፎ ጆንስን፣ ከጆንስ አልፎ ያኔ የዲሲ ሱፐርሂሮ ፊልሞች ኃላፊ የነበረውን ዋልተር ሃማዳን ነካ። ሃማዳ «ጀስቲስ ሊግ» ሲሰራ በቦታው አልነበረም። ዲሴምበር 2020 ላይ ሃማዳ ካለበት ፊልም ጋር አልሰራም ብሎ በአደባባይ አወጀ። ከዛ ሳይቦርግ ሊታይበት በነበረው «ዘ ፍላሽ» ፊልም ውስጥ የነበረችው ቦታው ጠፋች። ማን አባረረው? አልሰራም ያለው እሱ ነው። እንጀራ መርገጥ ማለት ይሄ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
አይደለም። በጃንዋሪ 2021 የጻፈውን አንብብ። ስቱዲዮው ዋርነር ብራዘርስ ከፊልሙ እንዳወጣው አረጋግጦልኛል፣ በውሳኔው በጽኑ አልስማማም ነው ያለው። ሃማዳን የነካው ደግሞ በምክንያት ነው። ሃማዳ ስልክ ደውሎልኝ ዊደንንና በርግን አሳልፎ ሰጥቶ ጆንስን ሊያድን ሞከረ ብሎ ከሶታል። ስቱዲዮው ይሄን አልተቀበለም፣ እንዲያውም ጉዳዩን ከሚያጣራው መርማሪ ጋር አልተባበረም ብሎ በመግለጫ ከሰሰው። እሱም አግኝቼዋለሁ ብሎ መለሰ።

ያ «ዘ ፍላሽ» ራሱ ደግሞ ጁን 2023 ሲወጣ ዋናው ተዋናይ ማን ነበር? ኢዝራ ሚለር። በ2022 ሃዋይ ውስጥ ሁለት ጊዜ መታሰር አለ። በቬርሞንት በሰው ግቢ መግባት ክስ ጥፋተኝነትን ማመን አለ። ፖስተሩ ላይ ግን ፊቱ አለ። ክስ ያቀረበው ወጣ፣ ክስ የቀረበበት ቀረ። «እንጀራውን ረገጠ» የሚለውን ለሚለር ያለ ሰው አላየሁም።

ቦሌ24፦
ሚለር ዋና ገጸ ባህሪ ነው፣ ፊልሙ ተቀርጾ አልቋል፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ምን ያድርጉት? የሳይቦርግ ግን ትንሽ ቦታ ነበረች። ቢዝነስ ነው።

ማለዳ፦
ቢዝነስ ከሆነ ስለ ስነ ምግባር አታውሩና! ፊሸርን «ባህሪው አስቸገረ» ትሉታላችሁ፣ ሚለር ላይ ስትደርሱ ሂሳብ ታወጣላችሁ። አንዱን ምረጥ።

ባቢ_ስናይደር፦
ሁላችሁም ዋናውን ረሳችሁ። የማርች 2021ዱን የስናይደር ቨርዥን፣ አራት ሰዓቱን ፊልም ያየ ሰው ሌላ ምስክር አይፈልግም። ዊደን የሳይቦርግን ታሪክ የቆረጥኩት ትርጉም ስለማይሰጥና ትወናውም መጥፎ ስለነበር ነው አለ። መጥፎ? አባትና ልጁ ያለባቸውን ትዕይንቶች እይ። እናቱ ስታዲየም ውስጥ፣ ከዛ አደጋው። ያቺ አስተናጋጅ ትዝ ይላችኋል? ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው፣ ሳይቦርግ ከሩቅ ሆኖ የባንክ አካውንቷን የሚሞላላት? ልጁ አንድም ቃል ሳይናገር ሲያያት ያለውን ፊቱን እይ። ግማሹ ብረት ነው፣ በአንድ ዓይን ነው የሚተውነው። ያን ቆርጠው ጣሉና ሱፐርማን የሆነውን ሄንሪ ካቪልን የላይኛውን ጺሙን በኮምፒውተር ላጭተው አመጡልን።

ቦሌ24፦
መጡ ስናይደሮች። የሮሊንግ ስቶንን የ2022 ዘገባ አንብበሃል? ስቱዲዮው ራሱ ባስጠናው መሠረት የስናይደር ቨርዥን ይውጣ በሚለው የአድናቂዎች ዘመቻ ከተሳተፉት አካውንቶች ቢያንስ 13 በመቶው የውሸት ናቸው ተብሏል።

ባቢ_ስናይደር፦
እና 87ቱ? እኔ ሰው ነኝ፣ ወንድሜም ሰው ነው። ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ለሚሰራ ድርጅት ገንዘብ ያዋጡትም ሰዎች ናቸው። ስናይደርን የምንወደው እኛ ነን እንጂ ቦት አይደለም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ባቢ፣ ፊልሙን እኔም ወድጄዋለሁ፣ ግን ጉዳዩን የአድናቂ ጸብ አታድርገው። ፊሸርን የጎዳው አንዱ ይሄ ነው። የስራ ቦታ አቤቱታ አቀረበ፣ እናንተ የስናይደር ወታደር አደረጋችሁት። ሌላው ሰው ዞር ብሎ ሳያነብ አለፈው።

ካሜራማኑ፦
ይሄ እውነት ነው። አቤቱታ በጭብጨባ መሀል አይሰማም።

ቦሌ24፦
አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። ፊሸር 2022 ላይ ብሮድዌይ «ዘ ፒያኖ ሌሰን» ሰራ። ፊልሙም 2024 ወጣ፣ እዛም አለ። ስናይደር ኔትፍሊክስ ላይ አሰራው። እየሰራ ከሆነ ለምንድነው ሕይወቱ እንደተበላሸ የምታለቅሱለት?

ማለዳ፦
መጀመሪያ እንጀራውን ረገጠ አልክ። አሁን እንጀራው አለ አልክ። የትኛው ነው?

ቦሌ24፦
የሱፐርሂሮውን እንጀራ ነው ያልኩት!

ማለዳ፦
እሺ የሱፐርሂሮው ይሁን። ዲሴምበር 11፣ 2020 የስቱዲዮው ባለቤት ዋርነርሚዲያ ምርመራው ተጠናቋል፣ የማስተካከያ እርምጃ ተወስዷል አለ። ምንም ካልተፈጠረ ምኑን ነው ያስተካከሉት? በማን ላይ ነው እርምጃው? ስም የለም። ግኝቱን ለሕዝብ አላወጡም። ፊሸር ውሸታም ቢሆን ኖሮ ያንን ወረቀት በማግስቱ በየጋዜጣው ያስነብቡት ነበር።

ቦሌ24፦
አለመውጣቱ እኮ አንቺ የምትፈልጊው ተገኝቷል ማለት አይደለም። ለካሳ ፈርተውም ሊደብቁት ይችላሉ፣ የሌላ ሰው ምስጢር ስላለበትም ሊሆን ይችላል።

ናታንያ፦
ካሳ የሚፈራ ሰው ምን አድርጎ ነው የሚፈራው?

ቦሌ24፦
ጠበቃ ያለው ሁሉ ይፈራል። ነገ ስራ አለብኝ፣ ማታ እመለሳለሁ። ስለ ጆንስ ግን አንድም ማስረጃ አላመጣችሁም፣ እሱን አዘጋጁ።

ማለዳ፦
አንተም ሃማዳ ስልክ ላይ ያንን አላለም የሚል ካለህ ይዘህ ና።