ጎጃም ያሉ ወላጆቻችሁን ወደ ውቅያኖስ ስትወስዱ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለጉብኝት አሜሪካ የሚመጡ እናት አባቶቻችሁን የት ብትወስዷቸው እንደሚሻል ስትጠያየቁ አይቼ፣ ከወላጆቹ ወገን ሆኜ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ደብረ ማርቆስ የምኖር የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ባለፈው ክረምት ልጃችን እኔንና እናቷን በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት አትላንቲክ ዳር ወዳለችው ከተማ፣ ቨርጂኒያ ቢች፣ ወስዳን ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ለተማሪ በካርታ ሳሳይ የኖርኩትን አትላንቲክ በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። ውሰዷቸው፤ ለእነሱ በሚመች መንገድ ግን ይሁን።

በማለዳ ውሰዷቸው። የባሕሩ ዳርቻ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ የምትወጣው ከውኃው ላይ ነው። ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ዳዊቷን ደገመች፤ በፊቷ ቤትም ዛፍም ተራራም አልነበረም። እንደዚያ ስትጸልይ አይቻት አላውቅም። ረፋዱ ላይ ሰዉ በመዋኛ ልብስ ስለሚሞላው እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ያጣሉ። ዝም አሉ ማለት አልከበዳቸውም ማለት አይደለም።

ስለ ሐውልቱ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። 31ኛው ጎዳና ባሕሩን የሚያገኝበት ቦታ ላይ ቁመቱ 10 ሜትር ገደማ የሆነ የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ጢሙ የተንዠረገገ ጎልማሳ ነው፤ እንደ አውድማ መንሽ ባለ ሦስት ጣት ጦር ይዟል፤ አንድ እጁን ትልቅ የባሕር ኤሊ ላይ አሳርፏል፤ ዙሪያውን ዶልፊኖችና ኦክቶፐስ አሉ። ኔፕቱን ይሉታል፤ የጥንት ሮማውያን የባሕር አምላክ ነው። የቀረጸው ፖል ዲፓስኳሌ ነው፤ በሪችመንድ ከተማ የቴኒስ ተጫዋቹን የአርተር አሽን ሐውልት የሠራውም እሱ ነው። የተመረቀው በመስከረም 1998 ዓ.ም. (2005 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በስሙ የሚጠራው የከተማዋ በዓል በየዓመቱ የሚውለው የእኛ መስቀል ሰሞን ነው።

ይህ ሁሉ ሳይነገራት ድንገት ፊቱ የቆመች እናት «ጣዖት ነው እንዴ? ለምን እዚህ አመጣችሁኝ?» ብትል አይፈረድባትም። ባለቤቴም ይህንኑ ጠየቀች። ዛሬ ማንም እንደማይሰግድለት፣ ከተማዋ ከባሕር ጋር ያላትን ኑሮ የምታሳይበት የጥበብ ሥራ እንደሆነ ሳስረዳት ቀረብ ብላ የኤሊውን አሠራር ስታደንቅ ቆየች። ፎቶ ግን አልነሣም አለች። እናንተም እንቢ ካሉ አታስገድዷቸው። ከሩቅ ስለሚታይ «ከተጠፋፋን እዚህ እንገናኝ» ለመባባል ከሐውልቱ የተሻለ ምልክት አላየሁም፤ እንግሊዝኛ ለማይችል ሽማግሌ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ዘጌ ወይም ባሕር ዳር ያደገ ሰው ዋና እችላለሁ ይላል፤ እውነቱን ነው። ጣና ግን ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጨው የሌለው፣ በቀን ሁለቴ ሞልቶ የማይጎድል ውኃ ነው። ውቅያኖስ ሌላ ነው። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውኃ ተመልሶ መሄጃ ይፈልግና ጠባብ መውጫ ሲያገኝ በዚያ በኩል በኃይል ወደ ውስጥ ይሮጣል። ይህ ጅረት ሰውን ይዞ ወደ መሀል ይሄዳል እንጂ ወደ ታች አያሰምጥም፤ ሰው የሚሞተው ፊት ለፊት ታግሎ ሲደክም ነው። የሚያስፈራው ደግሞ ግራና ቀኙ ማዕበል እየተሰበረ ጅረቱ ያለበት ቦታ ጸጥ ያለ መምሰሉ ነው። ልጅም አዋቂም «እዚህስ ረጋ ብሏል» ብሎ የሚገባው እዚያ ነው።

ስለዚህ የነፍስ አድን ሠራተኞች ካሉበት ፊት ለፊት ብቻ ይግቡ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ እግራቸውን ነክረው ይመለሱ። ጅረቱ ከያዛቸው አይታገሉት፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝተው ከጅረቱ ከወጡ በኋላ ወደ ዳር ይመለሱ፤ ካቃታቸው ተንሳፈው እጃቸውን ያውለብልቡ። ይህን መኪና ውስጥ ሳላችሁ በአማርኛ ንገሯቸው፤ ምልክቱ ሁሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

ባሕሩ ለዋና የሚሞቀው በእኛ ክረምት ስለሆነ ፍልሰታ መሀሉ ላይ ትወድቃለች። እንጀራና ሽሮ ቤት ቋጥራችሁ ሂዱ፤ በዚያ ጾም ዓሣም የማይነኩ እናቶች ብዙ ናቸውና ባሕር ዳርቻ ያለ ምግብ ቤት አይሆናቸውም። ከዋሽንግተን አካባቢ መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሃምፕተን ሮድስ የሚባለው ሰፊ ውኃ ላይ ሲደረስ መኪናው ከውኃ በታች በተሠራ ዋሻ ያልፋል። ይህንንም ሳይደርሱበት ንገሯቸው፤ እኔ በካርታ ስለማውቀው ብዙም አልደነገጥኩም፤ ባለቤቴ ግን እስክንወጣ እጄን አልለቀቀችም።

ጉልበቱን የሚያመው ሰው አሸዋው ላይ አይድከም። ከዳርቻው ጎን ለጎን 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ሰፊና ሜዳ የሆነ የእግር መንገድ አለ፤ በምርኩዝም በተሽከርካሪ ወንበርም ይኬድበታል። ለእናቶች ቅያሪ ቀሚስ አትርሱ። እግሬን ብቻ ነው የምነክረው ብትልም ማዕበሉ እስከ ወገቧ ያረጥባታል።