ጀርባ የማያረጥብ የኬሚካል መርጫ የቱ ነው?

መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ልጀምር ነው፣ የጀርባ መርጫ የቱን ልግዛ ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ መልሴ ስለረዘመ እዚህ ልጻፈው። ሌላውም ይጠቀምበታል።

የመጀመሪያ መርጫዬን የገዛሁት ዋጋው ረከሰ ብዬ ነው። ስሙን አልጠራም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ክዳኑ ማንጠባጠብ ጀመረ። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ኬሚካሉ በአንገቴ ይወርዳል። ሸሚዜ ርሶ ይውላል፣ ማታ ጀርባዬ ይለበልበኛል። ብዙ ሰው ኬሚካል የሚጎዳው ሲሸተት ብቻ ይመስለዋል። ረጪውን በብዛት የሚያገኘው ግን በቆዳው በኩል ነው። ስለዚህ ከዋጋውም ከስሙም በፊት ማፍሰስ አለማፍሰሱን እይ።

እዚያው ሱቅ ውስጥ ውሃ አስሞላው። ክዳኑን ዝጋና አጋድመው። ጠብ ካለ ተወው። ቀጥለህ አዝለኸው ፓምፑን ምታ፣ እርጭ፣ ከዚያ መክፈቻውን ልቀቅ። ርጭቱ ወዲያው ቀጥ ማለት አለበት። የጎማው ቱቦ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በእጅህ ዳብስ፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው እሱ ጋ ነው። ባለሱቁ አላስሞክርም ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ክብደቱንም አስብ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ባወጣው ዝቅተኛ መስፈርት የጀርባ መርጫ ተሞልቶ ከ25 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ባለ 20 ሊትሩን ስትሞላው ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው፤ ዕቃውን ስትደምርበት ጫፍ ላይ ይደርሳል። እኔ 16 ሊትር ይበቃል ባይ ነኝ። ማንገቻው ሰፊ ይሁን፣ ቀጭኑ ትከሻ ይቆርጣል። አይኤስኦ 19932 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣው ለጀርባ መርጫ ደህንነት ነው። ካርቶኑ ላይ ብታየው ጥሩ ነው፣ የውሃውን ሙከራ ግን አይተካም።

ከስሞቹ የስፔኑን ማታቢ፣ የብራዚሉን ጃክቶና የጀርመኑን ሶሎ አምናቸዋለሁ። እኔ አሁን የምይዘው ማታቢ 16 ሊትር ነው፤ ጀርባዬ ደርቆ ወደ ቤት እገባለሁ። አንተ ግን ለቲማቲም ማንኮዜብ የሚባለውን የፈንገስ በሽታ መከላከያ ማብዛትህ አይቀርም። ማንኮዜብ ዱቄት ነው፤ ፓምፑ ውስጥ የሚመላለሰውን የፒስተኑን ጎማ እየፋቀ ይበላዋል። ለዱቄት ባለ ዲያፍራም፣ ማለትም በሚለጠጥ ስስ ጎማ የሚገፋ ፓምፕ ይሻላል። ሶሎ ሁለቱንም ዓይነት ይሠራል፤ 425 ባለ ፒስተን፣ 475 ባለ ዲያፍራም ነው፣ ሁለቱም 15 ሊትር። ባለ ባትሪው ክንድ ያሳርፋል፣ ቻርጅ ግን ይፈልጋል።

ኖዝልም፣ ጫፉ ላይ ያለው መርጫ ቀዳዳ፣ ይለያያል። ለተባይና ለበሽታ ክብ አድርጎ የሚረጨው፣ ለአረም ጠፍጣፋው። ደግሞ እባክህ፣ ጤፍ ላይ ቱ-ፎር-ዲ የሚባለው የአረም ማጥፊያ የተረጨበትን መርጫ ተውሰህ ቲማቲም ላይ እንዳትረጭ። ውስጡ የቀረችው ትንሽ ቅሪት ቅጠሉን ታጣምመዋለች። ለአረም የራሱ መርጫ ይኑርህ። ኖዝሉ ሲደፈን በአፍህ እንዳትነፋው፤ አሮጌ የጥርስ ቡሩሽና ውሃ ይበቃዋል።

የቀረው መለዋወጫ ነው። ጎማና ጋስኬቱ በቅርብ የማይገኝ መርጫ ጥሩም ቢሆን አንድ ወቅት ሠርቶ ይቆማል። መቂ ወይም ባቱ ላይ የእነዚህን መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ እባካችሁ እዚህ ጻፉለት።