ልጄ እቃቃ ስትጫወት የእውነት ይመስላታል እንዴ?

የኮምቦልቻ እናት፦
ሰላም ለናንተ ይሁን፣ እስቲ ላማክራችሁ። ልጄ ሶስት አመቷ ነው፣ ከሰዓት ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ እቃቃዋን ትዘረጋለች፣ ቆርኪው ሲኒ ነው ጀበናዋ ደግሞ ባዶ የሻምፖ እቃ፣ ትቀዳና "አቦል ነው ጠጪ" ትለኛለች። ትናንት ልብስ እያጠብኩ ነበርና "ባዶ ነው እኮ ምንም የለውም" ስላት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቆርኪው ሲገለበጥባት ደግሞ በቀሚሷ ጫፍ ወለሉን ወለወለችው፣ ደረቅ ወለል! አማቴ "ልጅቷ የሌለ ነገር እያየች ነው አስመርምሪያት" አሉኝ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ በአይኔ አልዞረም። እውነትና ጨዋታ አትለይም ማለት ነው?

ኬጂ አስተማሪ (ደሴ)፦
አብሽሪ እህቴ፣ እኔ እንደውም ወለሉን መወልወሏ ነው ደስ ያለኝ። ቡናው ከፈሰሰ ወለሉ ረጥቧል፣ ከረጠበ ይወለወላል፣ ይሄን ማንም ሳይነግራት ራሷ ነው ያሰበችው። ሃሪስና ካቫናው የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሁለት አመት ልጆች ሳይቀሩ በጨዋታ ሻይ "ሲፈስ" የፈሰሰበትን ቦታ ለይተው ያደርቃሉ። እንደማይለዩ የምትፈሪ ከሆነ ደግሞ እያት፣ የጭቃ እንጀራ ስትጋግር አፏ ጋ አስጠግታ "እምም" ትላለች እንጂ ትውጠዋለች? ያለቀሰችው ባዶ መሆኑን ስለነገርሻት አይደለም፣ እሱንማ ታውቀዋለች። እንግዳ አድርጋሽ ቡና ቀድታ አልጠጣም ስላልሻት ነው፣ ወሎ ቤት የቀረበ ቡና ሲመለስ እንዴት እንደሚከፋ አንቺም ታውቂዋለሽ።

የጦሳ ልጅ፦
የኔ ልጅ ሁለት አመት ሳይሞላው የተበላሸ ሞባይል ካልሰጠሁት "ሄሎ" አይልም ነበር፣ አሁን አራት ሊሞላው ነው ሙዝም ይሁን ጫማ ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ አንዳንዴማ ባዶ እጁን። ግን ማታ መብራት ሲጠፋ "አያ ጅቦ ነኝ" ብሎ ራሱ ጀምሮት ራሱ ፈርቶ ጋቢዬ ውስጥ ይገባል፣ እሱስ ያውቃል ማለት ነው?

ኬጂ አስተማሪ (ደሴ)፦
ያውቃል ወንድሜ፣ ማወቅና መፍራት አብረው ይኖራሉ። ባዶ መሆኑን በአይናቸው ባዩት ሳጥን ውስጥ ጭራቅ እንዳለ አድርገው እንዲያስቡ የተጠየቁ ልጆችም ብቻቸውን ከሳጥኑ ጋር መቅረት የፈሩ አሉ። "ወንድ ልጅ አይፈራም" ምናምን አትበለው፣ እቀፈው። የስልኩ ነገር ከእድሜ ጋር ነው፣ መጀመሪያ እውነተኛውን የሚመስል እቃ ይፈልጋሉ፣ ከፍ ሲሉ ሀሳቡ ብቻ ይበቃቸዋል።

ነርስ ነኝ፦
ሊያሳስብ የሚችለው ተቃራኒው ነው። ሁለት አመት አልፎት እንዲህ አይነት ጨዋታ ጨርሶ የሌለው፣ በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ልጅ ካለ ሳትዘገዩ ለሀኪም አሳዩት። በአንዱ ምልክት ብቻ ግን እንዲህ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

የኮምቦልቻ እናት፦
እድሜ ይስጣችሁ። ዛሬ ስራዬን ትቼ ቁጭ ብዬ እስከ በረካ ጠጣሁላት። ቶናው ላይ ሆን ብዬ "የእውነት ቡና አማረኝ" ስላት "የእውነቱ እሳት አለው ያቃጥለኛል፣ አንቺ አፍዪው" አለችኝ።