የፓኒክ ሕክምናዬ ጀልባ ላይ ሲደርስ ይከሽፋል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ወደ ዘጌ በጀልባ ያመላልሰኛል። ጣና መሃል ስንደርስ ልቤ ይደልቃል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። በቃ፣ ሞትኩ እላለሁ። የልብና የታይሮይድ ምርመራ አድርጌ ደህና ነሽ ተብያለሁ። ፓኒክ፣ ማለትም ድንገት የሚነሳ ከባድ ፍርሃት ነው አሉኝ።

አሁን ሲቢቲ (አስተሳሰብንና ባህሪን በመቀየር ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና) የምትሠራልኝ ሳይኮሎጂስት አለች። ሐሳቡ ገብቶኛል፦ ፍርሃቱን የሚያጦዘው የልብ ምቱ ሳይሆን «ልቤ ሊቆም ነው» ብዬ መተርጎሜ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ነክቶ ይወርዳል። ስለዚህ ቢሮዋ ውስጥ ሆን ብለን ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን፣ በተሽከርካሪ ወንበር እንሽከረከራለን፣ በስትሮ እንተነፍሳለን፤ ስሜቱ እንደማይገድል እንድለምደው። እዚያ ጎበዝ ነኝ። ከባጃጅ «ወራጅ አለ» ማለት ይቻላል፤ ከጀልባ ግን የት ይወረዳል? በመኪና መሄድ ይቻላል፤ እሷ ግን መሸሽ ፍርሃቱን ያጠናክረዋል ትላለች። ልክ ናት።

የቸገረኝ ሌላ ነው። ለመረጋጋት ብዬ የምይዛቸውን ነገሮች ቀስ በቀስ እንድተው ነገረችኝ። ውኃ መያዙንና ከካፒቴኑ አጠገብ መቀመጡን ልተው እችላለሁ። እናቴ ቦርሳዬ ውስጥ የምትከትልኝ የጸበል ጠርሙስስ? እምነቴ ነው ወይስ መደበቂያዬ? ለሳይኮሎጂስቷ ለማንሳት አፈርኩ፤ እናቴንም ማስቀየም አልፈልግም።

በዚህ ያለፋችሁ እንዴት አደረጋችሁ? ጀልባውንስ ከየትኛው ደረጃ ልጀምረው፤ ሞተሩ ሳይነሳ ወደብ ላይ ቁጭ ከማለት ወይስ በአጭር ጉዞ?