ለልብ ምት ችግር አብሌሽን ያሠራ አለ?

ሰላም፣ የምጽፈው ከጅማ ነው። እህቴ 27 ዓመቷ ነው። ቁጭ ብላ ቡና እያፈላች እንኳ ድንገት ልቧ ድው ድው ማለት ይጀምራል። ምቱ በደቂቃ 190 ይደርሳል፤ ከዚያ እንደ አጀማመሩ ድንገት ቀጥ ይላል።

አስቸጋሪው ነገር ሆስፒታል ስንደርስ ምቱ ተስተካክሎ መገኘቱ ነበር። ኢሲጂው (የልብ ምት መመዝገቢያ ምርመራው) ንጹሕ ስለሚሆን "ጭንቀት ነው" እየተባልን ስንመለስ ከረምን። (እንዲህ እየሆነች ባትጨነቅ ነበር የሚገርመው!) በመጨረሻ ምቱ ሳይቆም ደርሰን ኢሲጂ ተነሳች፤ ኤስቪቲ (ከልብ የላይኛው ክፍል የሚነሳ ፈጣን ምት) ነው ተባለ። የልብ አልትራሳውንዷ ደህና ነው። የታይሮይድ ችግርም ሆነ ደም ማነስ የለባትም።

ትንፋሿን ይዛ ስታምጥ ወይም ፊቷን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትነክር አንዳንዴ ይቆምላታል። ሜቶፕሮሎል የሚባል የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት ጀምራ ነበር፤ ግን ግፊቷን እያወረደ ያዞራታል። አሁን ሐኪሟ አብሌሽን ይሻላል ብለዋል። በጭን ደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ልብ ይገባና ምቱን የሚያዛባውን መስመር በሙቀት ያቃጥለዋል። ደረት አይከፈትም። እሷ ግን "ልቤንማ አላስቃጥልም" ብላ እምቢ አለች፤ አልፈርድባትም። ያሠራ ሰው ብታናግር ትረጋጋ ይሆናል።

አገር ውስጥ ለኤስቪቲ አብሌሽን ያሠራችሁ ካላችሁ፣ የት ነው ያሠራችሁት?